ዶሜይን ምንድን ነው? ካርታውስ በማን ስም ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ በቁጥር አይነገርም። «ከጊዮርጊስ ወደ ታች ስትወርድ፣ ከፋርማሲው አጠገብ፣ ሰማያዊ በር» ነው የምንባባለው። ፋርማሲው ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሆነው ይችላል። ሰው ግን አሁንም «ፋርማሲው ጋ» ይላል። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ለገሃር መግባት ካቆመ ስንት ዘመኑ! የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጭናል። ባቡሩ ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

ዶሜይን ማለት እንዲህ ያለ ስም ነው። ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው፣ መጨረሻው ዶት ኮም ወይም ዶት ኢቲ የሆነው። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በቁጥር ነው፤ አይፒ አድራሻ ይባላል። ያንን ደግሞ ማንም አይሸመድደውም። ስለዚህ ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚናገር መዝገብ አለ፣ ዲኤንኤስ የሚሉት። ፖል ሞካፔትሪስ የሚባል አሜሪካዊ ነው በ1983 እ.ኤ.አ. የነደፈው። ከዚያ በፊት የሁሉም ኮምፒውተር ስምና ቁጥር አንድ ፋይል ላይ ይጻፍና ሁሉም እየገለበጠ ይወስድ ነበር። እንደ ዕድር መዝገብ በሉት። አባሉ ሲበዛ አልተቻለም።

ድረ ገጽ እንድሠራለት የሚመጣ ብዙ ደንበኛ ዶሜይንንና ሆስቲንግን አንድ ነገር ያደርጋቸዋል። ሆስቲንግ ዕቃው ያለበት ቤት ነው፤ ፎቶው፣ ጽሑፉ፣ ዋጋው ሁሉ እዚያ ነው የተቀመጠው። ዶሜይን ወደዚያ ቤት የሚመራው ስም ነው። ቤቱን ብትቀይሩ ስሙን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ስሙ ከጠፋ ግን ቤቱ ሙሉ ሆኖ የሚያገኘው የለም።

አንድ ፒያሳ ወርቅ ቤት የነበራቸው ጋሼ አንድ ቀን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ድረ ገጼን ስከፍተው ቁማር ያሳየኛል። ኧረ ደንበኛ ምን ይለኛል?» ከፈትኩት። እውነትም ቁማር ነው፣ ያውም በማላውቀው ቋንቋ። ሱቃቸው በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከተነሱት አንዱ ነው። አሁን አራት ኪሎ በኩል አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። የድሮ ደንበኛ ሱቁን ፈልጎ ሲያጣ ስልኩን አውጥቶ ስማቸውን ይጽፋል። ያገኘው ቁማሩን ነው።

ድረ ገጹን የሠራላቸው ልጅ ዶሜይኑን ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ነበር። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። እኔም ስጀምር እንደዚያ ሠርቻለሁ። ዶላር የሚከፍል ካርድ ሁሉም እጅ ላይ የለም። ካርድ ያለው ይከፍላል፣ ምዝገባውም በከፋዩ ስም ይወጣል። አሜሪካ ባለች የአክስት ልጅ ስም የተመዘገበ የሆቴል ዶሜይንም አይቻለሁ። የጋሼን ድረ ገጽ የሠራው ልጅ በኋላ አገር ቀየረ፣ ኢሜይሉንም ተወው። «ሊያልቅ ነው፣ አድሱ» የሚለው ማስታወሻ ማንም የማያየው ሳጥን ውስጥ ተከማቸ።

ዶሜይን ገዛሁ እንላለን እንጂ አይገዛም። የቀበሌ ቤት ዓይነት ነገር ነው፤ የእናንተ የሚሆነው ኪራዩን እስከከፈላችሁ ድረስ ነው። ለዶት ኮም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ መክፈል ይቻላል። ዶት ኮም ጊዜው ቢያልፍም በማግስቱ አይወሰድም። ብዙ ሻጮች በተለመደው ዋጋ እንድታድሱ ይታገሷችኋል፤ ይህ እስከ 45 ቀን ሊደርስ ይችላል። ግን አትመኑት፣ በዚሁ ጊዜ ለጨረታ የሚያወጣውም አለ። ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው። እዚህ ላይ ክፍያው ያስደነግጣል። ቀጥሎ ማንም የማይነካው 5 ቀን፣ ከዚያ ለፈለገ ክፍት ነው። የሚለቀቁ ስሞችን አድብተው የሚጠብቁ ፕሮግራሞች አሉ፣ በሰከንድ ነው ላፍ የሚያደርጉት። ጋሼ ሲደውሉልኝ ይህ ሁሉ አልፏል።

ቤት ስንገዛ «ካርታው በማን ስም ነው?» ሳንል ቀብድ አንሰጥም። ዶሜይን ላይ ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሳይጠየቅ መንገር የእኛ የሠሪዎቹ ፋንታ ነው። አካውንቱን ደንበኛው አጠገባችሁ ተቀምጦ በእሱ ኢሜይልና በእሱ ስልክ ክፈቱ። ለእናንተ አካውንቱ ውስጥ ገብታችሁ የምትሠሩበትን ፈቃድ ብቻ ይስጣችሁ፤ ብዙ ሻጮች ይህን ይፈቅዳሉ። ካርዱ የእናንተ ቢሆንም ግድ የለም፣ ብሩን ተቀበሉ። የተመዘገበው ስም ግን የእሱ ይሁን።

አንድ ወጥመድ አለ። ዶሜይኑ የተመዘገበበት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ እንዳይሆን። በደንቡ መሠረት የዶት ኮም ሻጭ ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ደግሞም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማስታወስ አለበት። ዶሜይኑ ከሞተ በኋላም አንድ ይልካል። ግን ዶሜይኑ ሲሞት በእሱ ላይ ያለው ኢሜይልም አብሮ ይሞታል። የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ የሚላከው ወደሞተ ሳጥን ነው። ተራ ጂሜይል ይሻላል።

የቀድሞ ሥራችሁን ለማጣራት ሁዊስ የሚባለው፣ የዶሜይን ምዝገባ መረጃ የሚያሳይ ፍለጋ አለ፣ ነፃ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ምክንያት የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተሸፍኗል። የሚያልቅበት ቀን ግን ይታያል። ያንን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ሳትረሱ።

ስም ስትመርጡ ደግሞ አማርኛችን በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። «ወርቅ»ን አንዱ በዳብሊዩ ኦ ይጀምረዋል፣ ሌላው በዳብሊዩ ኢ። መጨረሻው ኬ ነው ኪው? በኦ እና በኬ ከጻፋችሁት ፈረንጁ «ሥራ» ብሎ ያነበዋል። «ፀሐይ» ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኔ የማደርገው ይኼ ነው፤ አምስት ሰው ስሙን ስልኩ ላይ እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ። ብዙው የጻፈውን ዋና አደርጋለሁ። ሁለተኛውንም አስመዝግቤ ወደ ዋናው አዞረዋለሁ።

ሆስቲንግ ስትቀይሩ አንድ ቀን ቀድማችሁ የዲኤንኤሱን ቲቲኤል፣ ማለትም ያገኙትን ቁጥር እንደገና ሳይጠይቁ የሚይዙበትን ጊዜ፣ ከ86400 ሰከንድ ወደ 300 አውርዱት። 86400 ሰከንድ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ካላወረዳችሁት አንዳንዱ ሰው እስከ ማግስቱ የድሮውን ቤት ሲያንኳኳ ይውላል።

ጋሼ የድሮውን ስም ማስመለስ አልቻሉም። የያዘው ሰው የጠራው ዋጋ የሚወራ አይደለም። ስማቸው ላይ «ፒያሳ» ጨምረን አዲስ አወጣን። «ሱቁ አራት ኪሎ ሆኖ ፒያሳ?» ስላቸው «ሰው የሚያውቀኝ በፒያሳ ነው» አሉ። አካውንቱን በራሳቸው ስልክ ከፈትን። መነጽራቸውን አድርገው ስማቸውን አንድ ጊዜ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ ከመሳቢያ የድሮውን ቢዝነስ ካርድ እሽግ አወጡና አዲሱ አድራሻ የታተመበትን ስቲከር አንድ በአንድ ላዩ ላይ መለጠፍ ጀመሩ።