ጥቃቅን ማዕድናት ምንድን ናቸው? ሱስ ሲመጣስ ምን ይሆናሉ?

ዚንክ፣ አይረን፣ ኮፐር፣ ሴሌኒየም፣ ማንጋኒዝ። ሰውነት እነዚህን የሚፈልጋቸው በጣም በትንሹ ነው። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው አይረን በሙሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። ዚንኩ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ግራም። ይቺው ትንሽ ነገር ስትጎድል ግን ደም ያንሳል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ምግብም አይጣፍጥም።

እኛ ድሬዎች ይህን ማወቅ ያለብን በጫት ምክንያት ነው። ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ምሳ ተበልቶ በርጫ ይጀመራል። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ምርቃናው ሳይወርድ እራት የሚበላ ስንቱ ነው? አንድ ቀን ቢዘለል ችግር የለውም። በየቀኑ ሲሆን ግን ከሥጋና ከምስር የሚገኘው ዚንክና አይረን እየቀነሰ ይሄዳል።

ሌላው ጣጣ ታኒን ነው። ጫትም ሻይም ውስጥ አለ። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። የሥጋውን አይረን ብዙም አይነካውም። ስለዚህ ሽሮ በልቶ ወዲያው ጫትና ሻይ የሚጀምር ሰው ከበላው አይረን የሚደርሰው ጥቂት ነው። እኔን በጣም የሚያሳስቡኝ እርጉዝ ሆነው የሚቅሙ እናቶች ናቸው። በእርግዝና ወቅት የሚያስፈልጋቸው አይረን በቀን ከ18 ወደ 27 ሚሊግራም ያድጋል።

ማታ ደግሞ ጨብሲ አለ፤ ምርቃናውን ለማውረድ የሚጠጣው መጠጥ። አልኮል ሲበዛ ዚንክ በሽንት ይወጣል። ሲጋራው በበኩሉ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ይጨምራል። እሱ ኩላሊት ውስጥ ከገባ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል።

መብዛትም እንደ መጉደል ይጎዳል። በዩክሬን፣ በላትቪያና በጆርጂያ የካቲኖን ሰው ሠራሽ ዘመድ የሆነውን ሜትካቲኖን በየቤቱ አዘጋጅተው በመርፌ የወሰዱ ወጣቶች ነበሩ። በዝግጅቱ የገባው ኬሚካል የተወው ማንጋኒዝ አንጎላቸው ውስጥ ተጠራቀመ። የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ሰው መራመድና መናገር አቃታቸው። ቅጠሉን የሚቅም ሰው ላይ ይህ አደጋ የለም።

የምርመራ ውጤት ብቻውን አይበቃም። ኢንፌክሽን ካለ በደም ውስጥ ያለው ዚንክ ይወርዳል፣ ኮፐር ከፍ ይላል። ስለዚህ «ዚንክህ አንሷል» ከተባልክ ሌላ ሕመም እንዳለ ሐኪሙን ጠይቀው። ከፋርማሲ በራስህ ገዝተህ ለወራት አትዋጥ። የበዛ ዚንክ ኮፐርን ያወርዳል፤ ከዚያ ሌላ ደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ይከተላል።