የመራጭ ኃላፊነት ምንድን ነው? ውሸታም መሪ ሲመረጥ ወቀሳው የማን ነው?

የመራጭ ኃላፊነት ማለት ድምፅ የሰጠ ሰው፣ የመረጠው ተወካይ ሥልጣን ላይ ሆኖ ለሚፈጽመው በደል የሚደርሰው ድርሻ ነው። ድርሻው አለ ወይስ የለም በሚል ብቻ የሚከራከሩ ሰዎች አይግባቡም። ዋናው ጥያቄ ድርሻው ስንት ነው፣ በምን ይለካል፣ ምንስ ያስከትላል የሚለው ነው። (ኢትዮጵያ ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ጥፋትና ኃላፊነት መለየት አለባቸው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ ከሂትለር ውድቀት በኋላ፣ በ1945 መጨረሻና በ1946 መጀመሪያ በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ባስተማረው ትምህርት በደልን በአራት ከፍሎት ነበር። ወንጀል የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ የሚጠየቅበትም የሠራው ግለሰብ ብቻ ነው። ፖለቲካዊ ኃላፊነት የዜጋ ሁሉ ነው፤ መንግሥት ያመጣውን ዕዳ ያልመረጡትም ጭምር ይከፍላሉ። የሞራል ጥፋት እያንዳንዱ ሰው ከኅሊናው ጋር የሚተሳሰበው ነው። አራተኛው ሰው ለሰው ያለበት ዕዳ ነው፤ ወደ ሃይማኖት ስለሚጠጋ እዚህ አንገባበትም። መራጭን የሚመለከቱት መካከለኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ ጭቅጭቁም የሚመጣው እነሱ ሲደባለቁ ነው።

ውክልናን እናስብ። ለዘመዱ የቤት መሸጫ ውክልና የሰጠ ሰው፣ ዘመዱ ገንዘቡን ይዞ ቢሰወር ሌባ አይባልም። ሽያጩ ግን በእሱ ስም የተፈጸመ ነውና ውክልናውን ለመሻርም ሆነ ክስ ለመክፈት የሚሮጠው እሱ ነው። ኃላፊነቱ ይህ ነው፤ ምንም ጥፋት የሌለበትም ሰው ይሸከመዋል። ጥፋት የሚጨመርበት ዘመዱ ከዚህ በፊት የሰው ቤት ሸጦ እንደነበር እያወቀ ፈርሞ ከሆነ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያ ዕውቀት ነው። መራጩ ምን ያውቅ ነበር? ማወቅስ ይችል ነበር? እዚህ ላይ ከኒውዮርክ 3ኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በኖቬምበር 2022 ጆርጅ ሳንቶስ 54 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ከባሩክ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ፣ በትልልቆቹ ባንኮች በጎልድማን ሳክስና በሲቲግሩፕ ሠርቻለሁ ይል ነበር። ሁሉም ውሸት ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ ነገሩን በስፋት ያወጣው ምርጫው ካለፈ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

ማንም መራጭ ኮሌጅ ደውሎ የዕጩን ዲግሪ እንዲያጣራ አይጠበቅም። ይህን የማጣራት ሥራ የዕጩው ፓርቲ፣ የተፎካካሪው ፓርቲና የጋዜጠኞች ነው፤ ሦስቱም ዋናውን ውሸት በጊዜው አላወጡትም። ምልክት ግን ነበር። ዕጩዎች ለምክር ቤቱ የሚያስገቡት የሀብት ማሳወቂያ ለማንም ክፍት ነው። በ2020 ሲወዳደር 55 ሺህ ዶላር ደመወዝ ያስመዘገበው ሰው በ2022 ደመወዙን 750 ሺህ ዶላር አድርሶ፣ በላዩም የሚሊዮኖች ሀብት ጨምሮ አስመዘገበ። ኖርዝ ሾር ሊደር የተባለው የአካባቢው ሳምንታዊ ጋዜጣ ይህ ገንዘብ ከየት መጣ ብሎ ከምርጫው በፊት ጽፏል። ጥቂት ሰው አነበበው፤ ትልልቆቹ የዜና ተቋማትም አላነሱትም።

እዚህ ወቀሳው በተርታ ይቀመጣል፦ በመጀመሪያ አታላዩ፣ ቀጥሎ ዕጩውን ሳያጣራ ያቀረበው ፓርቲ፣ ከዚያ ሥራቸው ማጣራት የሆነው፣ በመጨረሻም መራጩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባል እውነት አለው፤ ግን መጠርጠር የሚቻለው የሚጠረጠረው ነገር ዓይን ፊት ሲደርስ ነው። የምክር ቤቱ አባላት በ2023 ዲሴምበር 1 ቀን 311 ለ114 በሆነ ድምፅ ሳንቶስን አባረሩት። ተተኪውን ለመምረጥ በፌብሩዋሪ 2024 በተደረገው ምርጫ የሳንቶስ ፓርቲ ያቀረባት ዕጩ ኢትዮጵያ ተወልዳ፣ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል የሄደችው ማዚ መለሰ ፒሊፕ ነበረች። ክልሉን ያሸነፈው ግን ዴሞክራቱ ቶም ስዎዚ ነው። ሳንቶስ በ2025 የ87 ወር እስራት ተፈርዶበት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቅጣቱን ስላሳጠሩለት ከእስር ወጥቷል።

እያወቀ የሚመርጠው ሰው ጉዳይ ይለያል፤ እንደሚመስለው ግን ቀላል አይደለም። በማርች 1999 የእስራኤሉ የሻስ ፓርቲ መሪ አርየ ደርኢ በጉቦ ጥፋተኛ ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ በተደረገው ምርጫ ፓርቲው ከ10 መቀመጫ ወደ 17 አደገ፤ እስከ ዛሬ ያን ያህል አግኝቶ አያውቅም። መራጮቹ ፍርዱን አልሰሙም ማለት አይቻልም፤ የምርጫ ዘመቻው ራሱ “ንጹሕ ነው” በሚል መፈክር የተካሄደ ነበር። ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡት ብዙዎቹ መራጮች የአገሩ ተቋማት ለረጅም ጊዜ እንደናቋቸው ያምኑ ስለነበር፣ ፍርድ ቤቱ በደርኢ ላይ ሲፈርድ በእነሱ ላይ የተፈረደ መሰላቸው። ጉቦን ደግፈው ሳይሆን ፈራጁን ሳያምኑ መረጡ።

ይህ ወቀሳውን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። ፍርድ ቤቱን አለማመን አንድ ነገር ነው፤ ማስረጃውን ለማየት አለመፈለግ ሌላ ነው። ለመለየት የሚረዳ አንድ ፈተና አለ፦ ያው ማስረጃ በምጠላው ፓርቲ መሪ ላይ ቢቀርብ አምነው ነበር ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ መራጩ የሞራል ድርሻውን ከራሱ መደበቅ አይችልም። “ሌባ ቢሆንም የኛ ሌባ ነው” የሚለው ንግግር ይህንን ድርሻ በራስ አንደበት መፈረም ነው።

ሁለተኛው መለኪያ አማራጭ ነው። በ1991 በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ለአገረ ገዥነት በተደረገው የመጨረሻ ዙር ሁለት ሰዎች ብቻ ቀረቡ፦ በሙስና ስሙ የሚነሳው ኤድዊን ኤድዋርድስ እና የነጭ ዘረኞች ድርጅት የሆነው የኩ ክሉክስ ክላን መሪ የነበረው ዴቪድ ዱክ። መኪና ላይ በሚለጠፍ ወረቀት “ሌባውን ምረጡ፤ ጉዳዩ ከባድ ነው” የሚል ቅስቀሳ ይሰራጭ ነበር። ኤድዋርድስ 61 በመቶ ያህል አግኝቶ አሸነፈ፤ በ2000 ከካሲኖ ፈቃድ ጋር በተያያዘ ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ በ2001 መጀመሪያ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያንን ቀን ኤድዋርድስን የመረጠ ሰው ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። ሊወቀስ የሚገባው በመጀመሪያው ዙር፣ ሌሎች ዕጩዎች እያሉ ቤቱ የተቀመጠው ነው።

አማራጩ ከጥይት ጋር ሲሆን ደግሞ ስለ ጥፋት ማውራት ራሱ ይከብዳል። ቻርልስ ቴይለር በ1989 መጨረሻ የጀመረው ጦርነት ላይቤሪያን ካወደመ በኋላ በጁላይ 1997 ምርጫ ተደረገ። በቅስቀሳው ጊዜ ከቴይለር ደጋፊዎች አፍ ይሰማ የነበረው “እናቴን ገደለ፣ አባቴን ገደለ፣ ግን እመርጠዋለሁ” የሚል ነበር። ቴይለር 75 በመቶ ያህል አገኘ። ብዙ ሰው የመረጠው ከተሸነፈ ተመልሶ ጫካ ይገባል ብሎ ፈርቶ ነው። ጦርነቱ ግን በ1999 እንደገና ተነሣ፤ ቴይለር በ2003 ሥልጣን ለቆ ወጣ፣ በ2012 ደግሞ በሴራሊዮን በተፈጸመው ወንጀል ልዩ ፍርድ ቤት 50 ዓመት ፈረደበት። ያንን መራጭ ወንጀለኛ የሚል ሰው መሣሪያ የያዘውን ትቶ መሣሪያ የተደገነበትን ይዟል።

“የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል” የሚለው መከላከያስ? ኢኮኖሚስቱ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 እንዳሳየው፣ አንድ ድምፅ ውጤት የመለወጥ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ መራጭ ስለ ዕጩዎች ብዙ ጊዜ ወስዶ አለማጥናቱ ከራሱ ጥቅም አንጻር የሚያስኬድ ነው። ይህ ለምን ሰው ሳያጣራ እንደሚመርጥ በደንብ ያስረዳል። ከወቀሳ ግን ነጻ አያደርገውም፤ ምክንያቱም ተመራጩ የሚያደርሰው ጉዳት በአንድ ድምፅ ሳይሆን በተደመረው ነው፣ የተደመረው ደግሞ ከእያንዳንዱ ነው። ትክክለኛው አነጋገር ድርሻው ትንሽ ነው የሚለው ነው። አለመምረጥም መውጫ አይሆንም፤ ያልመረጠ ሰው ለመረጡት ሰዎች ምርጫውን አስረክቧል።

ትልቁና አደገኛው ስህተት ድርሻን ከግለሰብ አውጥቶ በሕዝብ ስም መለጠፍ ነው። ሪቻርድ ኒክሰን በ1972 ከ50 ግዛቶች 49ኙን አሸነፈ፤ ሆኖም ከመራጮቹ 37.5 በመቶ ተቀናቃኙን ጆርጅ ማክገቨርንን መርጠው ነበር። እንደ ኢትዮጵያ ብዙ ድምፅ ያገኘ ሁሉንም በሚወስድበት ሥርዓት፣ ዕጩዎች በርከት ካሉ ከግማሽ በታች ድምፅ ያገኘ ሰው ወንበሩን ይይዛል። በዚያ ላይ የኢትዮጵያ መራጭ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አይመርጥም፤ የወረዳውን ተወካይ መርጦ አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። በመራጩና በመሪው መካከል ይህ ሁሉ ደረጃ እያለ፣ አንድ ባለሥልጣን የሠራውን በተወለደበት ብሔር ወይም ክልል ሕዝብ ላይ መጫን የመራጭ ኃላፊነት አይደለም። ድምፅ ያልሰጠን፣ ሌላውን የመረጠን፣ ሕፃን የሆነን ሰው በደም መክሰስ ነው። በአገራችን ስንት ሰው በዚህ ሒሳብ ተፈናቅሏል፣ ተገድሏል። እዚህ ላይ ለማግባባት ተብሎ የሚለሳለስ ነገር የለም።

የመራጩን ድርሻ ከሁሉ በላይ የሚገልጸው እውነቱ ከወጣ በኋላ የሚያደርገው ነው። በዋተርጌት ሕንፃ የነበረው የኒክሰን ተቀናቃኝ ፓርቲ ቢሮ ተሰብሮ የተገባው በጁን 1972፣ ከምርጫው በፊት ነው፤ ግን የዋይት ሐውስ እጅ እንዳለበት የተረጋገጠው በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1973 ከአሜሪካውያን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኒክሰንን ይደግፉ ነበር፤ በኦገስት 1974 ሥልጣን ሲለቁ የደገፋቸው ከአራት አንድ ሰው ያህል ነበር። ከመረጡት መካከል በሚሊዮን የሚቆጠሩት ሐሳባቸውን ለወጡ ማለት ነው። የተታለለ ሰው ነቅቶ ድጋፉን ካነሣ ወቀሳው እዚያ ይቆማል። እውነቱን ካወቀ በኋላ ደግሞ የሚመርጠው ሰው በመጀመሪያው ምርጫ ያልነበረበትን ጥፋት አሁን ይወስዳል።

ድጋፍ ማንሳት ግን መንገድ ይፈልጋል። በብሪታንያ የ2015ቱ ሕግ እንደሚለው፣ የፓርላማ አባል እስራት ከተፈረደበት ወይም ከምክር ቤቱ ቢያንስ 10 የስብሰባ ቀን ከታገደ የፊርማ መዝገብ ለስድስት ሳምንት ይከፈታል፤ በምርጫ ክልሉ ከተመዘገቡት 10 በመቶው ከፈረሙ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። በ2019 በፒተርቦሮ ፊዮና ኦናሳንያ በዚህ መንገድ ወረደች፤ በፍጥነት ማሽከርከር ጉዳይ ለፖሊስ ዋሽታ ነበር፤ 27 በመቶ ያህሉ ፈረመ። በአሜሪካ ግን መራጮች የኮንግረስ አባልን ማውረድ አይችሉም፤ የሳንቶስ መራጮች ለአንድ ዓመት ያህል የጠበቁት ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 እና በአንቀጽ 54 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ደንግጎ ዝርዝሩን ለሕግ ትቶታል። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የመራጩ ጥፋት ይቀንሳል፤ የዘጋው ሰው ጥፋት ይጨምራል።

ከምርጫ በፊት ከአንድ ተራ መራጭ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ዕጩው ከዚህ በፊት ሥልጣን ላይ ከነበረ የገባውን ቃልና የፈጸመውን ማነጻጸር፤ የክስ ወይም የኦዲት ግኝት ካለ በሁለት የማይዛመዱ ምንጮች ማየት፤ ሀብቱን ማስመዝገቡን መጠየቅ (በኢትዮጵያ ተመራጮችና ባለሥልጣናት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገደደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2002ቱ አዋጅ ቁጥር 668 ነው)። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ነው፤ በቴሌግራምና በፌስቡክ አሥር ገጽ ላይ የታየ ወሬ ከአንድ ሰው የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ሰውም አሥር ምንጭ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ብራዚል ይህን በተግባር ፈትናዋለች። የፌዴራል መንግሥቱ ከ2003 ጀምሮ ኦዲት የሚደረጉ ማዘጋጃ ቤቶችን በሎተሪ እያወጣ ውጤቱን ለሕዝብ አሳወቀ። ኢኮኖሚስቶቹ ክላውዲዮ ፌራዝና ፍሬደሪኮ ፊናን የ2004ቱን ምርጫ ሲመረምሩ፣ ሙስናቸው ከምርጫው በፊት የተጋለጠባቸው ከንቲባዎች እንደገና የመመረጥ ዕድላቸው ወርዶ አገኙት። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ ባለባቸው ከተሞች ነበር።