የሚሻገር ክሬዲት ምንድን ነው?

«ካሊፎርኒያ ውስጥ የኮሙኒቲ ኮሌጅ ክሬዲት ሁሉ ይሻገራል፤ ዝም ብለህ ያገኘኸውን ኮርስ ውሰድ፣ የምታጠናውን በኋላ ትመርጣለህ።» ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ምክር በሙሉ ልብ ሲሰጥ አነበብኩ። ሥራዬ ከኮሙኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩ ተማሪዎችን ማማከር ነውና አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ምክሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ተማሪ የሚታለለውም በዚያ ግማሽ ነው።

ኮርሱ ይሻገራል ማለት ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲቱን ይመዘግበዋል ማለት ነው። የተመዘገበው ክሬዲት ለዲግሪው ከሚጠየቁት ኮርሶች አንዱን ይተካል ወይ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በየካምፓሱና በየትምህርት ክፍሉ ይለያያል።

ለአገር ቤት ጫማ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን አይስተውም። ጫማው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይመዘናል፣ ቦሌንም ያልፋል፤ የወንድም እግር ካልገባበት ግን አልጋ ሥር ይቀራል። ብልህ ሰው ሳይገዛ በፊት እግሩን ወረቀት ላይ አስነድፎ ያስልካል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያ ወረቀት አሲስት የሚባለው ድረ ገጽ ነው። ኮሌጁን፣ ዩኒቨርሲቲውንና የትምህርት ዘርፉን ሲመርጡ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ክፍያ የለውም። ለበርክሊ የተነደፈው እግር የሳን ሆዜ ስቴት እግር ስላልሆነ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

ካልኩለስን እንውሰድ። ምህንድስና የሚፈልግ ተማሪ የማታ ሥራው ስለማይፈቅድለት በሚመቸው ሰዓት የተገኘውን የቢዝነስ ካልኩለስ ይወስዳል፤ «ኤ» ያመጣል። ኮርሱ ይሻገራል። የምህንድስና ክፍሉ የሚጠይቀው ግን ለሳይንስና ለምህንድስና የተዘጋጀውን ተከታታይ ካልኩለስ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመጀመሪያው ካልኩለስ ይጀምራል፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን እየተባለ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ይሄዳል፤ ፊዚክሱም ካልኩለሱን ይጠብቃል። አንድ ሴሚስተር የጠፋ ይመስላል እንጂ ሰንሰለቱ ሁሉ ነው ወደ ኋላ የሚገፋው። ሁለቱን ካልኩለሶች የወሰደ ተማሪ ደግሞ ይዘታቸው ስለሚደራረብ፣ በርክሊን በመሳሰሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ብዙውን ጊዜ የአንዱ ክሬዲት ብቻ ነው የሚያዝለት።

«አጠቃላይ ትምህርቱን መጀመሪያ ጨርስ» የሚለውም ምክር ለሁሉም አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጸው ጀምሮ ካል ጌትሲ የሚባለው አንድ የአጠቃላይ ትምህርት ጥቅል ለሁለቱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓቶች፣ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ሳን ሆዜ ስቴት ላለበት ለካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲም፣ ያገለግላል። ታሪክ ወይም ሶሺዮሎጂ ለሚያጠና ጥሩ መንገድ ነው። ምህንድስናና ሳይንስ የሚያጠና ግን የዘርፉን መሰናዶ ኮርሶች ማስቀደም አለበት።

ዋስትና የሚባለውም ልኩ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ የተፈጠረው፣ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የመዛወሪያ ዲግሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያረጋግጣል፤ የተመኙትን ካምፓስ ግን አያረጋግጥም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ዋስትና የሚሰጠው በስድስት ካምፓሶች ሲሆን በርክሊ፣ ሎስ አንጀለስና ሳን ዲዬጎ የሉበትም። የዚህ ዋስትና ማመልከቻም በሴፕቴምበር ወር ብቻ ነው፤ ከዋናው ማመልከቻ ጋር አስገባዋለሁ ያለ ተማሪ ያመልጠዋል።

ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር፣ በኮሌጅ ከ70 ሴሚስተር ዩኒት (ክሬዲት) በላይ የወሰደ ሰው ትርፉ ይቃጠልበታል የሚባለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ትርፉ ዩኒት በድምሩ ውስጥ አይቆጠርም እንጂ ኮርሱ ያሟላው መስፈርት እንደተሟላ ይቆያል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የፌዴራል መንግሥቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የፔል ድጎማ ነው። በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተሮች ነው። ኮሌጁ ርካሽ ስለሆነ ኮርስ መደጋገም አይጎዳም የሚሉ ወላጆች ይህን አያሰሉም፤ ድጎማው ዩኒቨርሲቲ መጨረሻ ዓመት ላይ፣ ክፍያው በከበደበት ሰዓት ያልቃል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ካምፓሶች መርጣችሁ የእያንዳንዳቸውን ገጽ አሲስት ላይ ክፈቱ፤ የሚጋሯቸውን ኮርሶች ለይታችሁ ወደ ኮሌጃችሁ አማካሪ ይዛችሁ ሂዱ። አሲስት ላይ የሚታየው የኮሌጁና የዩኒቨርሲቲው የኮርስ ስምምነት የሚወጣው በየትምህርት ዘመኑ ነውና ኮርሱን የወሰዳችሁበትን ዓመት ገጽ አትማችሁ አስቀምጡ።