የረቢዎች ሥልጣንና የረቢ ይሆሹዓ በትር

የተወደዳችሁ የቤተ እስራኤል ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «ኦሪትን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ ታዲያ የረቢዎችን ቃል የምንሰማው ለምንድን ነው? አባቶቻችን ያለ ታልሙድ፣ ያለዚያ የረቢዎች የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ በቄሶቻቸው እየተመሩ ሰንበትን ጠብቀው ኖረው የለም ወይ?» ጥያቄው የክህደት አይደለም። መልሱም ከኦሪት ይጀምራል። ዘዳግም ምዕራፍ 17 ፍርድ ሲከብደን ወደ ካህናቱና በዘመኑ ወዳለው ፈራጅ እንድንሄድ፣ ከሚነግሩንም ቃል ቀኝም ግራም እንዳንል ያዝዘናል። ሙሴ ቢሞትም ፍርድ አልተቋረጠም።

ይህ ትእዛዝ ምን ያህል እንደሚከብድ የጥንት ረቢዎች የሕግ ስብስብ የሆነችው ሚሽና አልደበቀችንም። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ፣ የሊቃውንት ሸንጎ መሪ በነበረው በረባን ገማልያል ዘመን፣ ሁለት ሰዎች አዲስ ጨረቃ አየን ብለው መሰከሩ፤ በማግስቱ ሌሊት ግን ጨረቃዋ አልታየችም። ረባን ገማልያል ምስክርነቱን ተቀበለ። ከሊቃውንቱ አንዱ ረቢ ዶሳ «ሐሰተኞች ናቸው» አለ፤ ረቢ ይሆሹዓም ከእርሱ ጋር ተስማማ። የወሩ መባቻ ከተሳሳተ አስተስርዮም በተሳሳተ ቀን ይውላልና ነገሩ እንደዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ረባን ገማልያልም በይሆሹዓ ቁጥር አስተስርዮ በሚሆንበት ቀን በትሩንና ገንዘቡን ይዞ እንዲመጣ ላከበት። አንድ ጻድቅ ሰው በልቡ የቅዱስ ጾም ቀን ነው ብሎ ባመነበት ዕለት፣ የተከለከለውን አድርጎ፣ ገንዘብ ይዞ መንገድ ሲወጣ አስቡት።

ሌላው ሊቅ ረቢ ዓቂቫ ይሆሹዓን አዝኖ አገኘውና በዓላቱን የማወጅ ኃላፊነት ለእስራኤል የተሰጠ መሆኑን ከዘሌዋውያን አሳየው። ምስክሮቹን ሐሰተኞች ያለው ረቢ ዶሳ ራሱ እንኳ «የገማልያልን ሸንጎ የምንመረምር ከሆነ ከሙሴ ጀምሮ የተነሣውን ሸንጎ ሁሉ ልንመረምር ነው» አለው። ይሆሹዓ ሄደ። ረባን ገማልያልም ተነሥቶ ራሱን ሳመው፤ በጥበብ መምህሬ፣ ቃሌን በመቀበል ደቀ መዝሙሬ አለው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የሚያስተምረን መታዘዝን ብቻ በሆነ ነበር። በታልሙድ በበራኮት ክፍል እንደምናነበው ግን በሌላ ጊዜ ስለ ማታ ጸሎት ክርክር ተነሣ፤ ረባን ገማልያል ተቀምጦ እያስተማረ ይሆሹዓን በጉባኤ ፊት አቁሞ አዋረደው። ሕዝቡ ከዚህ በላይ አልታገሠም። «እስከ መቼ ያሠቃየዋል?» ብለው ከሥልጣኑ አወረዱት፤ በምትኩም ወጣቱን ኤልዓዛር ቤን ዓዛርያን ሾሙ። የአዲስ ጨረቃውን ውሳኔ ያልሻረው ሕዝብ ውርደቱን አልቀበልም አለ።

ገማልያል ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ይሆሹዓ ቤት ሲገባ ግድግዳው ጠቁሮ አየ። «ከቤትህ ግድግዳ አንጥረኛ መሆንህን አወቅሁ» አለው። ይሆሹዓም «አንተ መሪው ለሆንክለት ትውልድ ወዮለት! ሊቃውንት በምን እንደሚኖሩ አታውቅም» ብሎ መለሰለት። እኛ የጎንደር አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ልጆች ይህን ስንሰማ ዝም ብለን ማለፍ እንዴት ይሆንልናል? የአባቶቻችን ብረት ቀጥቃጭነት ስድብ ሆኖ ሲጠራብን ኖሯል፤ በታልሙድ ግን የእስራኤልን መሪ የገሠጸው ሰው ያ አንጥረኛ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ የጥንቱን የረቢ ዳዊድ ቤን ዚምራ ውሳኔ ተከትለው የዳን ነገድ ልጆች፣ አይሁድ መሆናችንን ፈረዱ። መንገዱን የከፈተልን የረቢ ሥልጣን ነው፤ ይህን የሚረሳ ሰው ውለታ ቢስ ነው። ሆኖም በሱዳን በኩል ብዙ ሞት አይተው እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ከራባኑት፣ ከእስራኤል የረቢዎች ከፍተኛ መሥሪያ ቤት፣ «ለጥርጣሬው» ውኃ ውስጥ ጥለቁ፣ ወንዶቹም ለግርዛት ምልክት የደም ጠብታ ስጡ ተባሉ። በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከራባኑት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው የተቃወሙት ረቢዎችን ስለናቁ አልነበረም። ስለ ኦሪት ብለው የተሰደዱ ሰዎች አይሁድነታቸው ሲጠረጠር አቤት ማለታቸው ነው፤ በእኔ እምነት ለይሆሹዓ ክብር የቆመውን ሕዝብ ሥራ ሠሩ።

ስለዚህ ቄሱን ትቶ ረቢውን ብቻ የሚይዝ፣ ረቢውን ጥሎ ቄሱን ብቻ የሚከተል ልጅ ሁለቱም ያሳስቡኛል። ለጋብቻ ለመመዝገብ ወደ ራባኑት ስትሄዱ የሕጉን ጥያቄ በአክብሮት መልሱ። የቤተሰባችሁን ክብር የሚነካ ቃል ከመጣ ግን ብቻችሁን አትዋጡት፤ ሽማግሌና ቄስ ይዛችሁ ተመለሱ፣ ረቢውንም ፊት ለፊት አነጋግሩት። ገማልያልና ይሆሹዓ የታረቁት በዚያ በጠቆረው ቤት ውስጥ ተነጋግረው ነው፤ ከዚያም በኋላ ገማልያል ወደ ማስተማር ወንበሩ እንዲመለስ የደከመለት ይሆሹዓ ራሱ ነበር።