ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የባንኩን ግምት ይወቁ

ካዛንቺስ አካባቢ አፓርታማ አገኙ፤ ሻጩ 8 ሚሊዮን ብር ጠራ እንበል። ባንኩ 70 በመቶ ያበድራል ሲባል ብዙ ሰው 2.4 ሚሊዮን ብር ከቆጠበ የሚበቃው ይመስለዋል። አይበቃም። መቶኛው የሚሰላው ሻጩ በጠራው ዋጋ ሳይሆን የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን አይቶ በሚያወጣው ግምት ላይ ነው፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገበያው ዝቅ ይላል። መሐንዲሱ 6 ሚሊዮን ከገመተ ብድሩ 4.2 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከኪስዎ የሚወጣው 3.8 ሚሊዮን ነው። የመቶኛው መጠን ከባንክ ባንክ ይለያያል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው። የስም ማዛወሪያው ወጪ ገና አልተነካም።

ጣጣው የሚብሰው ቀብድ ቀድሞ ከተከፈለ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው» ይላል (መቼ ጠፍቶ ያውቃል?)፣ ገዢውም ተጣድፎ ይከፍላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ብድሩ አንሶብኝ ነው ማለት በራሱ ገንዘቡን አያስመልስም።

ስለዚህ የካርታውን ቅጂ ከሻጩ ተቀብለው አስቀድመው ባንክዎን ያነጋግሩ። ሻጩ መጠበቅ አልችልም ካለ፣ «ባንኩ ይህን ያህል ብር ካላበደረ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃል፣ መጠኑ ተጠቅሶ፣ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጩ ለዚህች አንድ መስመር ካንገራገረ፣ እኔ ብሆን ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።