የዘጠኝ ሰዓት ወጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ በዐቢይ ጾም ድሬዳዋ ላይ ወጥ መሥራት የራሱ ፈተና አለው። ጾሙ ጌታችን ነፍሱን በመስቀል ላይ እስከሰጠባት ዘጠኝ ሰዓት ቆዩ ይላል፤ ሙቀቱ ደግሞ ማለዳ የተሠራ ወጥ እስከዚያ እንዲቆይ አይፈቅድም። ብዙ እናቶች ሌሊት ተነሥተው ምስሩን ሠርተው፣ ድስቱን ከድነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሲመለሱ ወጡ አረፋ አውጥቶ፣ ኮምጠጥ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እንደገና ማፍላትም ሁልጊዜ አያድንም፤ አንዳንድ ተሕዋስያን ምግቡ ላይ የሚተዉት መርዝ በእሳት አይጠፋም። ኤልሳዕ ሞት የነበረበትን ምንቸት በዱቄት ፈውሶታል (2ኛ ነገ. 4፥38-41)። ያ ተአምር ነው፤ እያወቁ የተበላሸ ወጥ ለልጅ ማቅረብ ግን እምነት ሳይሆን እግዚአብሔርን መፈታተን ነው።

የሚሻለው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው፦ ጠዋት ቁሌቱ፣ ከቅዳሴ መልስ ምስሩ።

ለአምስት ለስድስት ሰው 2 ብርጭቆ ምስር ክክ፣ 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውኃውን እስኪመጥ ይቁላላ። ዘይቱ ከገባ በኋላ በርበሬው ከመጨመሩ በፊት ሩብ ብርጭቆ ውኃ ጠብ አድርጉበት። በደረቅ ትኩስ ዘይት ላይ የወደቀ በርበሬ ወዲያው ይጠቁራል፤ ከመረረ ደግሞ ስኳርም ቲማቲምም አይመልሰውም። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሮ፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል በዝግታ ማቁላላት ነው። ቁሌቱ በሰፊ ሳሕን ተዘርግቶ በፍጥነት ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ቁሌቱን አያሳድር፣ አያውል፤ ምስሩን ለቅሞ፣ በርበሬውን ለክቶ ይሂድ። ከቅዳሴ መልስ ሁሉንም ቢጀምር አንድ ሰዓት አይፈጅበትም።

ስትመለሱ ምስሩን ውኃው እስኪጠራ ሦስት ጊዜ እጠቡ። በ5 ብርጭቆ ፍል ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀቅሉት፤ አረፋውን ግፈፉ። ቁሌቱን ጨምሩና 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወጡ እየወፈረ ሲሄድ ጨውነቱ ይበረታልና።

ድፍን ምስር ወይም ሽምብራ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ፤ ቢቀቀልም አልለሰልስ ይላል። «እህሉ ያረጀ ነው» ተብሎ የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ሲወቀስ እንሰማለን፤ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውኃው ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ታችኛውን እዩት። እንደ ኖራ የጋገረው ነጭ ቅርፊት በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው፤ ጥራጥሬ እንዳይለሰልስ የሚያደርገውም እሱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማታ ውኃውን አፍልታችሁ አስቀምጡት፣ ዝቃጩ ታች ይቅር፣ ከላይ ቀድታችሁ በዚያ ዘፍዝፉ፣ በዚያም ቀቅሉ። ዝፍዝፉ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ውጭ ካደረ በዚህ ሙቀት ይቦካል። ሐረር ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ከተማዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ በ94 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ስለዚህ ለድሬዳዋ ከተባለው ጊዜ ጥቂት ጨምሩ።

ማዕዱ ላይ ሎሚ አይጥፋ። ሎሚ በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ያግዛል፤ ቡና ግን ያግደዋል። የሐረር ሰው ቡና ይቅርብህ ቢባል እንደማይሰማ እናውቃለን፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ራቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጊዜያቸው ይብሉ። የታመመ፣ ያረገዘችና የምታጠባም ንስሐ አባትን ሳያማክሩ በራሳቸው አይወስኑ።

ሌላው ነገር ብዛቱ ነው። ዳንኤልና ጓደኞቹ ለ10 ቀን የለመኑት ጥራጥሬና ውኃ ነበር (ዳን. 1፥12)። አንድ ወጥ፣ ጎመንና ሰላጣ ለቤተሰብ ይበቃል። ሥጋ ቀረ ተብሎ ስድስት ዓይነት ከተደረደረ፣ ዘይቱም ወጪውም ከፍስክ ቀን ከበለጠ፣ ጾሙ ድግስ ሆኗል። ኢሳይያስ ጾምን ሲገልጽ ያነሣው «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» የሚለውን ነው (58፥7)።

ይህን በድስት መለካት ይቻላል። ምስሩን ስትለኩ ግማሽ ብርጭቆ፣ ውኃውን አንድ ብርጭቆ ከሩብ፣ ሽንኩርቱን አንድ ራስ ጨምሩ። ድስቱ ሲወርድ መጀመሪያ የጎረቤት አቅመ ደካማ ድርሻ በትኩሱ ይውጣና ልጅ ያድርስ፤ ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ይቀመጥ። የተረፈውን እንጀራ ደግሞ ሳይሻግት በዚያው ቀን ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። የማሽላ እንጀራ ከጤፉ ቀድሞ ይደርቃል፤ ድርቆሹ ለረቡዕ ፍርፍር ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።