ቺፕሴት ምንድን ነው? ለአውቶካድ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ለምትመርጡ

በትንሽ ብር ለአውቶካድ ወይም ለሬቪት የሚሆን ዴስክቶፕ የሚያስገጥም ሰው ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ግራፊክስ ካርዱ ሲጠይቅ ይውልና ማዘርቦርዱ ላይ ሲደርስ «የሚገጥመውን አምጣልኝ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን መጀመሪያ የቦርዱ ስም ላይ ያለችውን ፊደልና ቁጥር እዩ ነው የምለው፣ ኤች610፣ ቢ660፣ ዜድ690 የምትለዋን (እነዚህ ለኢንቴል ፕሮሰሰር ናቸው)፣ ምክንያቱም ቺፕሴቱን የምትነግራችሁ እሷ ናት።

ቺፕሴት ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ቺፕ ነው፣ ዩኤስቢው፣ ሳታ ዲስኩ፣ ኔትወርኩ፣ ድምፁ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘው ባብዛኛው በሱ በኩል ነው። ድሮ ኖርዝብሪጅና ሳውዝብሪጅ የሚባሉ ሁለት ቺፖች ነበሩ፣ ራሙንም የሚቆጣጠረው ኖርዝብሪጁ ነበር። ኤኤምዲ በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 የራም መቆጣጠሪያውን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከተቱት፣ ዛሬ ዋናው የግራፊክስ ካርድ ስሎትም በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ጋር ነው የሚገባው። ስለዚህ ውድ ቺፕሴት ስለገዛችሁ አውቶካድ አይፈጥንም፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው በአንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት ሥራ ሠሪ ክፍሎች በአንዱ) ነው፣ ፍጥነቱን የሚወስነው የዛ ኮር ፍጥነት ነው፣ ቺፕሴቱ የሚወስነው ቦርዱ ላይ ምን ምን መሰካት እንደምትችሉ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፣ ኮር አይ5 12400። በ2022 መጀመሪያ የወጣ ነው፣ 6 ኮር አለው፣ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፣ ለበጀት የካድ ማሽን አሁንም ጥሩ ነው። ኦቨርክሎክ (ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ) ግን አይደረግም፣ ዜድ690 ደግሞ ውድ የሆነበት ዋናው ነገር ኦቨርክሎክ መፍቀዱ ነው፣ እና ለምን ትከፍላላችሁ? በዛ ብር ራም ጨምሩበት።

የሚከብደው ምርጫ ኤች610 እና ቢ660 መሀል ነው። ኤች610 ይረክሳል፣ ግን ከሁለት በላይ የራም ስሎት አይኖረውም፣ ቺፕሴቱ ራሱ አይፈቅድም። አሁን 8 እና 8 ሰክታችሁ 16 ጊጋ አደረጋችሁ እንበል፣ ሥራው ሲያድግ፣ የስትራክቸሩና የኤሌክትሪኩ ፋይል ሬቪት ላይ ሊንክ ሲደረግ 16 ጊጋ ያልቃል፣ የአውቶካድ ሠሪው አውቶዴስክ ራሱ እኮ ለአውቶካድ 2025 የሚመክረው 32 ጊጋ ነው፣ ያኔ ባዶ ስሎት ስለሌለ ሁለቱን ነቅላችሁ በርካሽ ሸጣችሁ እንደ አዲስ መግዛት ነው። አራት ስሎት ያለው ቢ660 ላይ ግን ሌላ ሁለት መጨመር ብቻ። ደግሞ ቢ660 ስለተባለ ብቻ አትመኑት፣ ቺፕሴቱ ከፍተኛውን ነው የሚፈቅደው፣ አምራቹ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ሁለት ስሎት ብቻ ያደረገበት ቢ660 አለ፣ ፎቶውን አይታችሁ ቁጠሩ። ከመጀመሪያው 16 እና 16 የምትሰኩ ከሆነና ከ32 በላይ እንደማትፈልጉ ካወቃችሁ ግን ኤች610 ይበቃችኋል፣ ኤም.2 ዲስኩ (ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ቀጭኑ ኤስኤስዲ) ቀርፈፍ ባለው መስመር፣ በፒሲአይኢ 3.0 መሄዱም ለካድ ሥራ ብዙ አይታወቅም።

ራሙ ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5 ቦርዱን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ ቢ660 በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል፣ ራሙ መሀል ያለችው ቆረጥ ያለች ቦታ ስለምትለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ፕሮሰሰሩ 12400ኤፍ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ ካርድ ካልገዛችሁ የማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ምንም አያሳይም።

ከቺፕሴቱ ውጪ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ቪአርኤም። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ለፕሮሰሰሩ ወደ 1 ቮልት አካባቢ የሚያወርደው ክፍል ነው፣ ከፕሮሰሰሩ ሶኬት ጎን ተደርድሮ ታዩታላችሁ። 12400 ቢበዛ 117 ዋት ነው የሚስበው፣ ርካሽ ቦርድም ይችለዋል። በኋላ አይ7 12700 አስገብቼ ሬንደር አደርጋለሁ (ከሞዴሉ እውነተኛ የሚመስል ምስል አወጣለሁ) የሚል ሰው ግን እሱ እስከ 180 ዋት ይደርሳል፣ ሬንደር ደግሞ ሁሉንም ኮር ለሰዓታት ነው የሚያሠራው፣ ቪአርኤሙ ላይ ብረት ሂትሲንክ (ሙቀት ማስወጫ) ከሌለው ይግልና ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይቀንሳል፣ የከፈላችሁበትን አታገኙም።

ኤች610 ወይም ቢ660 ይዛችሁ 13ኛ ወይም 14ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ካሰባችሁ ሶኬቱ አንድ ነው፣ ይገባል፣ ግን ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው፣ ቦርዱ ላይ ያለው ሶፍትዌር) ካልታደሰ ላይነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አሳድሱትና በርቶ ባዮሱ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ስም አይታችሁ ውሰዱ።